ለደጋውም ለቆላውም፦ የፀሐይ መነጽር ሌንስ እንዴት ይመረጣል

የፀሐይ መነጽር ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከዚህ የጠቆረ የለም ወይ?» ይላል። ሻጩም ደስ ብሎት ጥቁሩን ያወጣለታል። ሁለቱም ስለ መከላከል የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ጥቁረትና መከላከል ለየብቻ የሚሠሩ ናቸው። ጥቁረቱ የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው። ዓይንን ለዓመታት ቀስ በቀስ የሚጎዳው የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ እሱን የሚያስቀረው በሌንሱ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀላቀለ ወይም በላዩ የተቀባ ቀለም የሌለው ማጣሪያ ነው። ምንም ቀለም ያልገባበት፣ ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ንጹሕ ሌንስ ጨረሩን ከሞላ ጎደል ሊያግድ ይችላል፤ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ርካሽ ፕላስቲክ ደግሞ ሊያሳልፈው ይችላል።

ጥቁር ሆኖ ማጣሪያ የሌለው መነጽር ካለመነጽር ከመሄድ ሊብስ ይችላል። ዓይን ጨለማ ውስጥ ያለ ይመስለውና ብሌኑ ይሰፋል፣ ፀሐይ ላይ ጠበብ ይል የነበረው ቆብም ይከፈታል፤ ጨረሩም ሰፊ በር ያገኛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የአልትራቫዮሌት ማጣሪያው፣ ቀጥሎ የጥቁረቱ ደረጃ፣ ከዚያ ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚያስቀር) ይሁን አይሁን የሚለው፣ በመጨረሻ ቀለሙ። ገበያ ላይ የማየው አመራረጥ ግን በትክክል የተገለበጠው ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን ቸል ማለት የማያዋጣው በከፍታው ምክንያት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሸዋሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 በላይ፣ የመንዝ ጓሳ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጓሳ ላይ የቆመ ሰው በተመሳሳይ ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ከሸዋሮቢቱ ሰው ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሸዋሮቢት ላይ ሙቀቱ ራሱ መነጽርና ጥላ ያስፈልጋል፤ መንዝ ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል እንጂ መነጽር አያስታውስም። ሙቀትና አልትራቫዮሌት አብረው አይሄዱም፤ ቆዳ በብርድ ተኮማትሮ ሳለ ዓይን ይቃጠላል።

ደመናም እንዲሁ ያታልላል። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል፣ የሚቀንሰው ሙቀቱንና ድምቀቱን ነው። ፀሐይ በእኛ አካባቢ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። የነሐሴው በክረምቱ ደመና ስለሚሸፈን ማንም ልብ አይለውም። በእነዚያ ሳምንታት እኩለ ቀን ላይ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ከመነጽሩ ባልተናነሰ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ጨረሩ የሚመጣው ከላይ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል ባርኔጣው አይረዳም፤ ያኔ ሥራው የመነጽሩ ነው።

ማጣሪያው መኖሩን በዓይን ማየት አይቻልም። «ዩቪ 400» የሚል ተለጣፊ ማለት ሌንሱ አልትራቫዮሌቱን (ዩቪ) በሞገድ ርዝመት እስከ 400 ናኖሜትር ድረስ ያግዳል ማለት ነው፤ ትክክል ከሆነ የሚፈለገው እሱ ነው። ተለጣፊውን ግን ማንም አሳትሞ ይለጥፈዋል። ጥሩ የመነጽር ቤቶች ሌንሱን አስገብተው የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ አላቸው፣ መጠየቅ አያሳፍርም። ከሌለ ብር ለመፈተሽ የሚያገለግለው ሐምራዊ የእጅ ባትሪ ያግዛል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት ያስቀምጡ። ባትሪውን ሲያበሩበት ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። አሁን ሌንሱን ከባትሪው አፍ ሥር ይያዙና ወረቀቱን ከጎን በኩል ይመልከቱ፤ በሌንሱ ውስጥ አሳልፈው አይዩ፣ ያኔ ጥቁረቱ ያታልላል። ማጣሪያ ካለ የወረቀቱ ሰማያዊ ብርሃን ይጠፋል። ለማነጻጸር ተራ የመስኮት መስታወት ስባሪ በዚያው ቦታ ያድርጉ፤ ወረቀቱ ማብራቱን ይቀጥላል። ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ነጥብ ቢቀር አያስደንግጥ፣ ርካሾቹ ባትሪዎች ከጨረሩ ጋር የሚታይ ሐምራዊ ብርሃንም ያወጣሉ። 365 ናኖሜትር የተባለው ባትሪ ከ395ቱ ይልቅ ጥርት ያለ ውጤት ይሰጣል። ባትሪውን ወደ ዓይን ማዞር ክልክል ነው፣ በተለይ ልጆች ባሉበት።

ከዚህ በኋላ ነው ጥቁረት የሚመጣው። የሌንስ ጥቁረት ከ0 እስከ 4 በአምስት ደረጃ ይከፈላል፤ ደረጃውን የሚወስነው ሌንሱ ከሚታየው ብርሃን ስንት በመቶ እንደሚያሳልፍ ነው። 0 ከ80 በመቶ በላይ ያሳልፋል፣ ከነፋስና ከአቧራ መከላከያ ነው። 1 ከ43 እስከ 80፣ 2 ከ18 እስከ 43፣ 3 ከ8 እስከ 18፣ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ። ቁጥሩ በመነጽሩ ክንድ ውስጠኛ ጎን ላይ ይጻፋል፤ አንዳንዱ ላይ በቁጥር ፈንታ ትንሽ የፀሐይና የደመና ሥዕል ይገኛል።

ቁጥር የሌለውን መነጽር በስልክ መለካት ይቻላል። የብርሃን መለኪያ አፕሊኬሽን ይጫኑ፣ ስልኩን ደጅ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አያድርጉት፣ የስልኩ መለኪያ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ከፊት ካሜራው አጠገብ ያለውን መለኪያ ሳይሸፍኑ ንባቡን ይመዝግቡ፣ ከዚያ ሌንሱን በላዩ አስጠግተው በእጅዎ ጥላ ሳይጥሉበት እንደገና ያንብቡ። መጀመሪያ 8,000 ከነበረና በሌንሱ 1,200 ከሆነ፣ 1,200 ለ8,000 ሲካፈል 15 በመቶ ነው፤ ደረጃ 3 ማለት ነው። ሁለቱንም ሌንስ ይለኩ። ግራና ቀኙ በግልጽ ከተለያዩ ያ መነጽር ራስ ምታት እንጂ ሌላ አይሰጥም። ፖላራይዝድ ሌንስ ሲሆን ሌንሱን ሲያዞሩት ንባቡ ከተለዋወጠ የስልኩ መለኪያ ከስክሪኑ ሥር ነው፤ በዚያ ስልክ ፖላራይዝድ አይለካም።

ደረጃ 4 ለበረዶና ለከፍተኛ ተራራ የተሠራ ነው፤ መኪና፣ ሞተርም ሆነ ባጃጅ ለመንዳት አይሆንም። «ለመንዝ ፀሐይ ይሆነኛል» ብሎ የሚገዛው አለ፤ ለእግረኛና ለእረኛ ብዙ ጉዳት የለውም፣ ግን 3 ይበቃዋል። የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ግን 4ም ቢሆን አይሆንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራው ዓይነት ግርዶሽ ሲመጣ የሚያስፈልገው ለዚያው ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው፤ እሱ የሚያሳልፈው ብርሃን ከጥቁሩ መነጽር በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሌላ ግርዶሽ አለ፣ እኛ ጋ በከፊል ነው የሚታየው። ደመናው ከፈቀደ ሰው ሁሉ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ቀና ማለቱ አይቀርምና ከወዲሁ ማወቁ ደግ ነው።

ለአሽከርካሪ የምሰጠው ምክር ብዙዎችን አያስደስትም፦ ሌንስዎን በመንገዱ ላይ ላለው ለደማቁ ቦታ ሳይሆን ለጨለማው ቦታ ይምረጡ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጥርት ያለ የሜዳ ፀሐይ፣ ጣርማበር ላይ ጉም፣ ከዚያ ጣሊያን የቆፈረውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ፣ ከዋሻው ሲወጣ ደግሞ ገደል የሚያሳይ ብርሃንና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያገኛል። ፀሐይ ላይ ትንሽ መጨናነቅ ዓይንን ያደክማል። ዋሻ ውስጥ ግን በ10 በመቶ ብርሃን መግባት ከፊት ያለውን መብራት አልባ ጋሪ ወይም በግ አያሳይም።

ዋሻው ራሱ ደንብ አለው። መነጽሩን ማውለቅ ከመግባት በፊት ነው፣ ከገቡ በኋላ አይደለም። ዓይን ከደማቅ ወደ ጨለማ ሲሄድ ለመልመድ ጊዜ ይወስድበታል። ወደ ዋሻው አፍ ሲቃረቡ ፍጥነት ቀንሰው፣ መብራት አብርተው፣ መነጽሩን ወደ ግንባር ከፍ ካደረጉት ዓይን አስቀድሞ መላመድ ይጀምራል። ሲወጡ የሚመታው ብርሃን ደስ አይልም፣ ግን ዓይን ወደ ብርሃን የሚለምደው ወደ ጨለማ ከሚለምደው በጣም ፈጥኖ ነው። አንድ እጅ መሪ ላይ አንድ እጅ መነጽር ላይ ማድረግ የማይወድ ሰው፣ ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ ሌንስ ይግዛ። ላይኛው ሰማዩን ያበርድለታል፣ በታችኛው የዳሽቦርዱን ሰዓትና ቆጣሪ በደንብ ያያል። ለዚህ መስመር ደረጃ 2 ቡናማ፣ ከላይ ወደ ታች የሚሳሳ፣ ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ከደብረ ሲና ወርደው ሸዋሮቢትና አጣዬ የሚውሉ ከሆነ ደረጃ 3 ሁለተኛ መነጽር በመኪናው ኪስ ይኑር።

የመንገዱን አቅጣጫም ልብ ይበሉ። ከአዲስ አበባ በጫጫ በኩል ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ሸዋሮቢት ድረስ ያለው መንገድ በጥቅሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ጠዋት የሚወጣ ሰው ፀሐይን ከፊት ወይም ከቀኝ ፊት ያገኛታል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመለሰውም እንደገና ከፊቱ። በጣም የሚከፋው ከኅዳር እስከ ጥር ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነው፦ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ የምትጠልቀውም ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብላ መንገዱ በሚያቀናበት በኩል ነው። ያኔ ማንኛውም ሌንስ ብቻውን አይበቃም። ግማሹ ችግር ያለው የፊት መስታወቱ ላይ ነው። በውስጥ በኩል ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክና ከትንፋሽ የሚመጣ ቀጭን ቅባት ይለብሳል፣ በውጭ በኩል አቧራና የመጥረጊያ ጭረት አለ። ዝቅ ያለች ፀሐይ ይህን ሁሉ ታበራውና መንገዱ በነጭ መጋረጃ ይሸፈናል። ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት አልኮል በተቀላቀለበት ውሃ መወልወል፣ ያረጀ መጥረጊያ ጎማ መቀየር ውድ ሌንስ ከመግዛት በላይ ለውጥ ያመጣል። የአብዛኛው መኪና የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ስለሆነ መሐሉ ያለው ፕላስቲክ አልትራቫዮሌቱን ከሞላ ጎደል ያግዳል። የጎኑ መስታወት ግን ከፊሉን ያሳልፋል፤ የረዥም መንገድ ሾፌር ግራ ክንዱና ግራ ፊቱ ቶሎ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ጉም ውስጥ መነጽር ይወለቃል። ቢጫ ሌንስ ጉምን ይቆርጣል የሚባለው ነገር ለዓይን ደስ የሚል ስሜት ይሰጣል፣ ነገሮች ጎላ ያሉ ይመስላሉ፣ የሚገባው ብርሃን ግን ቀንሷል እንጂ አልጨመረም። «የማታ መንጃ» እየተባለ የሚሸጠው ቢጫ መነጽርም ከዚሁ ወገን ነው። ከፊት የሚመጣውን መብራት ትንሽ ያለዝባል፤ በዚያው ልክ ጥቁር ለብሶ ጠርዝ የያዘውን እግረኛም ያደበዝዛል። ማታ የሚቸገር ሰው ዓይኑን ይመርመር፣ መብራቱን ያስተካክል። የሐኪም መነጽር የሚያደርግ ከሆነ ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ያለው ንጹሕ ሌንስ ይዘዝ።

ፖላራይዝድ ሌንስ ብዙ ተወርቶለታል፣ ግማሹ እውነት ነው። ሥራው ከአግድም ገጽ ላይ፣ ማለትም ከእርጥብ አስፋልት፣ ከውሃ፣ ከመኪና ክዳን ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን መርጦ ማስቀረት ነው። ከውሃ ላይ የሚመጣውን ነጸብራቅ በደንብ የሚያጠፋው ፀሐይ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስትል ነው፤ እኛ ጋ ይህ ጠዋት 3 ሰዓት እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ልዩነቱ ያንሳል። ፀሐይዋን ራሷን ፊት ለፊት ሲያዩ ደግሞ ከተራ ጥቁር ሌንስ ብዙም አይለይም። ዝናብ ቆሞ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ለመኪና ሾፌር እውነተኛ ዕረፍት ነው። ለሞተርና ለባጃጅ ነጂ ግን እጠነቀቃለሁ፦ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ወይም ቀጭን ውሃ የሚታወቀው በማብረቅረቁ ነው፣ ፖላራይዝዱ እሱን ሊደብቀው ይችላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሁለት ጎማ ያለው ሰው ያን ብልጭታ ማየት ይፈልጋል።

ሌላው ፖላራይዝድ የሚያመጣው ጣጣ ስክሪን ነው። ስልክ፣ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን፣ የነዳጅ ማደያ ቆጣሪ፣ የአንዳንድ ሞተር ዲጂታል ሰሌዳ ጭንቅላት ዘንበል ሲል ይጠቁራል። የመኪና የጎን መስታወት ላይ የሚታየው ዥንጉርጉርም የመነጽሩ ብልሽት አይደለም፣ መስታወቱ ሲጠነክር የቀረበት ምልክት ነው። ሲገዙ ለመፈተሽ ነጭ ስክሪን የተከፈተ ስልክ ፊት መነጽሩን ይያዙና ቀስ ብለው ያዙሩት። ፖላራይዝድ ከሆነ በአንድ ማዕዘን ላይ ይጠቁራል። ሁለቱ ሌንሶች በአንድ ማዕዘን እኩል መጥቆር አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከጠቆረ ሌንሱ ሲገጠም ተጣሟል፣ ዓይን ያደክማል። ሻጩ የሚያሳየው ሥዕል የሚወጣበት የሙከራ ካርድም ፖላራይዝድ መሆኑን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው፤ ስለ አልትራቫዮሌት አንድም ነገር አይናገርም።

ስለ ቀለም አጭር ነው። ግራጫ የነገሮችን ቀለም ሳይለውጥ ብርሃኑን ብቻ ያበርዳል። ቡናማ ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ ስለሚቀንስ የመሬት ጉድጓድ፣ የኮረኮንች ሰባራ፣ የድንጋይ ጥላ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ደመናና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ቀን የምመርጠው እሱን ነው። አረንጓዴ በሁለቱ መሐል ነው። ደማቅ ሰማያዊና ቀይ ሌንስ ለጌጥ ካልሆነ የትራፊክ መብራት ቀለም ያዛባሉ። መስታወት መሰል ቅብ ያለው ተጨማሪ ብርሃን ይመልሳል፣ ሆኖም የደብረ ብርሃን የበጋ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ቅቡን በአንድ ወቅት ይቧጭረዋል፤ ዋጋው ለቦታው አይመጥንም።

ፀሐይ ሲያይ የሚጠቁር፣ ቤት ሲገባ የሚነጣ ፎቶክሮሚክ ሌንስ ለመምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከቢሮ ወደ ቀበሌ ለሚመላለስ ሰው ተስማሚ ነው። ባሕርይውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የሚጠቁረው በአልትራቫዮሌት ስለሆነ መኪና ውስጥ፣ ከፊት መስታወት ኋላ፣ አብዛኛው ዓይነት እምብዛም አይጠቁርም። ሾፌር ይህን ገዝቶ «ተታለልኩ» ሲል የምሰማው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው፦ በብርድ አብዝቶ ይጠቁራል፣ ሲነጣም ይዘገያል፤ በሙቀት ደግሞ ከሚገባው በታች ይጠቁራል። መሐል ሜዳ ላይ ድቅድቅ የሚለው ያው ሌንስ ሸዋሮቢት ላይ በሰባት ሰዓት ፀሐይ ደረጃ 2 ላይ ሊቆም ይችላል። በብርድ ቀን ከደጅ ወደ ጨለማ ቤት የገባ ሰው ሌንሱ እስኪነጣ ብዙ ደቂቃ ስለሚፈጅ ደረጃና መድረክ ላይ ይጠንቀቅ።

ለገበሬው ከጥቁረት ይልቅ ቅርጽና ማቴሪያል ይቀድማል። በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ ላይ ችግሩ ብርሃን ብቻ አይደለም። እህል ለነፋስ ሲሰጥ እብቅና የገለባ ስባሪ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የዓይንን ጥቁር ክፍል ይቧጭራል፣ ከዕፅዋት የመጣ ጭረት ደግሞ ሊመረቅዝ ይችላል። የሚያስፈልገው ከጉንጭና ከቅንድብ ጋር ተጠግቶ ጎኑን የሚሸፍን፣ ጥምዝ ያለ የፖሊካርቦኔት መነጽር ነው። ደረጃ 2 ይበቃል። ቀጭን ሌንስ ያለው ሰፊ የፋሽን መነጽር ከላይና ከጎን ክፍት ስለሆነ እብቁን ሰብስቦ ዓይን ላይ ይዘጋበታል። ፖሊካርቦኔት ሲመታ ይተጣጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። መስታወት ሌንስ ጭረት በቀላሉ አይነካውም፣ ግን ከባድ ነው፣ ሲሰበርም ስባሪው ወደ ዓይን ነው። መስታወት መሆኑን ለማወቅ ጉንጭ ላይ ያስነኩት፣ ይቀዘቅዛል፤ በጥፍር ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በአንገት ላይ የሚውል ማሰሪያ ርካሽ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰው ግድ ነው።

ብየዳ ቤት ውስጥ በፀሐይ መነጽር ሲበየድ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ ምርጫ አይደለም። የኤሌክትሪክ ብየዳ የጥቁረት ቁጥሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የብየዳ መስታወት ያለው የፊት መሸፈኛ ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ከላይ ካየነው ከ0 እስከ 4 ካለው መለኪያ ጋር ግንኙነት የለውም፣ እጅግ የጠቆረ ነው። ማታ አሸዋ የተበተነበት የሚመስል የዓይን ሕመም የሚነሳው ቀን በገባው ጨረር ነው።

የሐኪም መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ሦስት መንገድ አላቸው፦ በመነጽሩ ላይ የሚሰካ ጥቁር ሌንስ፣ በላዩ የሚደረብ ሰፊ መነጽር፣ ወይም በቁጥራቸው የተሠራ ባለቀለም ሌንስ። የሚሰካው ርካሽ ነው፣ ዋሻ ላይ ወደ ላይ የሚገለበጠው ደግሞ ከሁሉ ይመቻል። የዓይን ሞራ የተገፈፈላቸው አዛውንቶች ለተወሰነ ጊዜ ብርሃን ይወጋቸዋል፤ እማማም ሆኑ አባባ «ለወጣት ነው» ብለው እንዳይተዉት የቤት ሰው ይግዛላቸው። የልጆች ዓይን ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ጨረር ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ በዓል ላይ የሚሸጠውን የመጫወቻ መነጽር ቀኑን ሙሉ ከማስደረግ ባርኔጣ ማልበስ ይሻላል።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። መነጽሩን በተዘረጋ እጅ ይያዙና በአንዱ ሌንስ በኩል የበር መቃን ወይም የመስኮት ጠርዝ ይመልከቱ። ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከተጓዘ ሌንሱ ደህና ነው። ከተጣመመ፣ ከተወላገደ፣ በተለይ መሐሉ ላይ፣ ይመልሱት። ሲያደርጉት ማዞር የሚሰማዎ፣ ደረጃ ሲወርዱ እግርዎ ቦታ የሚስተው ከዚህ የተነሳ ነው። ከዚያ አጎንብሰው ራስዎን ይነቅንቁ። ከአፍንጫ ከተንሸራተተ ሸዋሮቢት ላይ በላብ ጨርሶ አይቆምም። ሽፋሽፍት ሌንሱን ከነካ ደግሞ በየደቂቃው ቅባት ይቀባዋል።

ብዙ መነጽር የሚበላሸው በአጠራረግ ነው። አቧራ የለበሰ ሌንስ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ ደረቁን ሲታሸት እያንዳንዱ የአቧራ ቅንጣት መስመር ያሰምራል። መጀመሪያ ውሃ ያፍሱበት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣት ይቀቡት፣ ያለቅልቁ፣ ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያድርቁ። ፈላ ያለ ውሃ ቅቡን ይልጣል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ያነጣዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በብርድ ጠዋት አፍንጫና አፍ በጋቢ ተሸፍኖ ትንፋሽ ሌንሱን ካጨሰው፣ ያንኑ ሳሙና በጣም በስሱ ቀብተው ሳያለቀልቁ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ይይዛል። ርካሽ ፖላራይዝድ ከተጣበቁ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ስለሆነ ቆላ ላይ ዳሽቦርድ ላይ ተጥሎ ከዋለ ከጠርዙ መነሳትና አረፋ መያዝ ይጀምራል። አረፋው አይመለስም። ፍሬሙ ጠንካራ ከሆነና ዓይን መሐል ላይ ጭረት ከበዛ ሙሉውን ከመጣል ይልቅ ሌንሱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። የመነጽር ቤት የድሮውን ሌንስ ልክ ወስዶ በዚያው ፍሬም ይቆርጥልዎታል፤ ሲያዝዙ «ደረጃ 2፣ ቡናማ፣ ዩቪ 400» ብለው በወረቀት ያስጽፉ፣ ሲረከቡም በሐምራዊው ባትሪ እዚያው ይፈትሹት።